መከላከል ሳያስፈልገው

ኪሮስ መሞቱን የሰማሁት ስሙን እንኳ ከማያውቅ ሰው አፍ ነው። መቀሌ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው የቆርቆሮ ጥላዬ ውስጥ ተቀምጬ የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ እየመታሁ ነበር። ባለጉዳዩ ከጎኑ ለቆመው ዘመዱ «እቲ ናይ ብሎኬት ሰብኣይ ዓሪፉ» አለው፤ የብሎኬቱ ሰውዬ አረፈ ማለቱ ነው። ዘመድየው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። «ያ ዓይናለም በኩል ሰው ገድሎ የተፈታው» ሲል መለሰለት።

እጄ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። በአንዲት አጭር ንግግር ሁለት ስሕተት። ኪሮስ ገዳይ አልነበረም፤ አልተፈታምም። በነፃ ነው የተሰናበተው። እዚህ አጥር ሥር ሃያ ዓመት ያህል ስቀመጥ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህን ልዩነት ነው። በዋስ የወጣ ሰው ተመልሶ ችሎት ይቆማል። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው አጥፍቶ ተቀጥቷል። ይቅርታ የተደረገለትም አጥፍቷል፤ ታዝኖለት ነው የወጣው። በነፃ የተሰናበተ ሰው ግን ለተከሰሰበት ነገር ማስረጃ ያልተገኘበት፣ እንደ ማንኛችንም ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። ለሰፈር ሰው ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም «የተፈቱ» ናቸው። ዞር ብዬ ላርመው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ራሴ ከዚያ ሰውዬ የተሻልኩ አልነበርኩም። ወረቀቱን አበላሽቼው ስለነበር ቀድጄ ሌላ አስገባሁ።

ሰይድ እባላለሁ። ወሎ ተወልጄ መቀሌ የመጣሁት ከአጎቴ ጋር ጨርቅ ልነግድ ነው። ንግዱ አልሆነልኝም፤ ዐማርኛዬና የእጅ ጽሑፌ ግን ሆኑልኝ። የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በትግርኛ ነው፤ አዲስ አበባ ለሚላክ ነገር ደግሞ ዐማርኛ ይፈለጋል። ትግርኛውን ቀስ በቀስ ለምጄ ከአንዱ ወደ ሌላው እየመለስኩ መኖር ጀመርኩ። ኮምፒውተር ቤቶች ፊት ለፊቴ ተከፍተው ሲደረደሩም እኔ ከታይፕራይተሬ አልተላቀቅሁም። ወዳጅ ግን አላፈራሁም። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ሲከስ ወይም ሲከሰስ ነው፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ያንን ክፉ ጊዜውን ስለማስታውሰው ይመስለኛል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፈኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ተመልሶ የመጣው ኪሮስ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት ትዝ ይለኛል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጆቹን ሲሚንቶ የበላቸው ሰው ነበር። ጥላዬ ሥር ከመግባቱ በፊት ውጭ ቆመና «ሰብ ኣሎ?» አለ፤ ሰው አለ ወይ ማለቱ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እያየኝ ነው። የሚቀልድ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደግሞ «ሰብ ኣሎ?» አለ። ሦስተኛ ሲደግመው ሳቄ አመለጠኝና «ኧረ እኔ ምን ሆኜ ልታይህ ነው? አለሁ!» አልኩት። እሱ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ገባና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

«ይኼ ውሳኔ ነው። ዐማርኛ አድርግልኝ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ አንድ ቃል እንዳትቀንስ።»

ኩሓ በኩል፣ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ፣ ዋና ቢሮው አዲስ አበባ የሆነ አንድ የግንባታ ድርጅት የማሽን ኦፕሬተር ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ሊያመለክት ነው። ለማመልከቻው የሥራ ልምዱ እንደሚበቃ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ማንም እንዳልጠየቀው ነገርኩት።

«ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ» አለኝ። «ደግሞ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? ነፃ ነው የሚለው።»

ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ኪሮስና ተኽላይ ዓይናለም በኩል በነበረ አንድ ብሎኬት ማምረቻ አብረው የሚሠሩ አብሮ አደግ ጓደኛሞች ናቸው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከሁለቱ አንዳቸው ሲሚንቶ ማቡኪያው ሚክሰር ውስጥ ገብቶ የደረቀውን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ ይፈረፍራል። ለዚህ ሥራ ማንም ያልጻፈላቸው የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው አስቀድሞ ከመቆጣጠሪያው ሣጥን የሸክላውን ፊውዝ ይነቅልና ሱሪው ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ፊውዙ ኪሱ እያለ ማሽኑን ሊያስነሳ የሚችል የለም። ሲወጣ ራሱ መልሶ ይሰካዋል። ማሽኑን የሚያስነሳው ደግሞ ፊውዙ ቦታው ላይ መሆኑን አይቶ፣ «ሰው አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ ነው ማስነሻውን የሚጫነው።

ያን ቀን ኪሮስ ከምሳ ሲመለስ ፊውዙ ቦታው ላይ ነበር። ውሃ የምታቀርብ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ሲጣራ ሰምታዋለች። የጎረቤት ድንጋይ መፍጫ ግን ጆሮ ያደነቁር ነበር። ኪሮስ ተጫነ። ተኽላይ ውስጥ ነበር።

ተኽላይን በድርጅቱ ፒካፕ ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ከኋላ ከአስከሬኑ ጋር የተሳፈረው ኪሮስ ብቻውን ነበር። የተከሰሰውም በዚህ ነው። ዐቃቤ ሕግ ያለው፣ ተኽላይ ሁልጊዜ ፊውዙን የሚነቅል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ያን ቀንም ነቅሎ ኪሱ ከቷል፤ ሁለቱ ከአንድ ቀን በፊት ተጨቃጭቀው ስለነበር ኪሮስ ከመጋዘን ሌላ ፊውዝ አምጥቶ ሰክቶ ሆን ብሎ ገድሎታል፤ ከዚያም መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ፊውዝ ከሟቹ ኪስ አውጥቶ ጥሎታል። ሾፌሩም በስፖኪዮ አየሁ ብሎ መሰከረ፤ ኪሮስ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን የሟቹ ኪስ ላይ አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ሲነካካ ነበር አለ።

ኪሮስ ወህኒ ሆኖ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲመላለስ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በመጨረሻ ዳኞቹ የመጋዘኑን ነገር መረመሩ። መጠባበቂያ ፊውዞቹ አንድም ሳይጎድሉ ከነካርቶናቸው ተገኝተዋል። ሌላ ፊውዝ ካልተሰካ የመጀመሪያው አልተነቀለም ማለት ነው። ሾፌሩም ከኪስ ውስጥ የወጣ ነገር አላየም። ውሳኔው መጨረሻ ላይ የተጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፦ «ተከሳሹ እጁን በሟች ኪስ ላይ ለምን እንዳደረገ አላስረዳም። ይሁን እንጂ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከሳሹ ዝም የማለት መብት አለው። ስለሆነም መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት።»

ሲመለስ ትርጉሙን አነበብኩለት። እዚያች መጨረሻዋ ላይ ስደርስ «እስቲ ድገማት» አለኝ። ደገምኩለት።

«አየህ፣ መከላከል እንኳ አላስፈለገኝም» አለ። እንደ ልጅ ደስ አለው፤ እኔም አብሬው ደስ አለኝ።

ድርጅቱ አልቀጠረውም። የሰው ኃይሉ ኃላፊ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ «አይዞህ፣ እንኳን ተፈታህ፤ ስልክህን ተውልን» አሉት። ይህን ሲነግረኝ አለመቅጠራቸው አላናደደውም። ያናደደው «ተፈታህ» ያሉት ነው። «ወረቀቱን እጃቸው ይዘው እኮ ነው!» ይላል ደጋግሞ።

ከዚያ በኋላ ፉል ጓደኛሞች ሆንን። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ የእሱን ሥጋ እኔ አልበላ፣ የእኔን እሱ አይበላ። ፉል ግን ማንንም አይለይም፤ ጾም ይሁን ፍስክ ግድ የለውም። ጠዋት ጠዋት ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት አንድ ሳሕን አዝዘን ከሁለት በኩል እንገባበታለን። ብዙ አያወራም። ሲያወራም የሚያወራው ስለዚያች ቃል ነው። ፉል ቤቱ ውስጥ አንዱ «መቼ ነው የተፈታኸው?» ካለው ቂጣውን አስቀምጦ እንደ አንደኛ ክፍል መምህር ያስረዳል። «መፈታትማ ጥፋተኛም ይፈታል። እኔ በነፃ ተሰናበትኩ። በል እስቲ በለው፣ በነፃ ተሰናበተ።» ሰውየው እየሳቀ ይለዋል። በማግስቱ ያው ሰው ለሌላ ሰው «ያ የተፈታው» ብሎ ሲጠቁመው እንሰማለን።

ሠርግ ይጠሩታል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ግን ሳይያዝ ይቀራል። የዕድር ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ካስማ ሲያቀብሉት ግን እጃቸው እጁን እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ። ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም። እኔ የማውቀው ብቸኝነት ሰው የማያውቀው ሰው ብቸኝነት ነው። የእሱ ከዚያ ይከፋ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ቤቱ ሄጄ እንዳየሁት ደግሞ የራሱን መብራት እንኳ «ሰብ ኣሎ?» ብሎ ሦስቴ ሳይጣራ አያበራም። ብቻውን በሚኖርበት አንድ ክፍል ውስጥ፣ በጨለማ ቆሞ፣ ይጣራል። ያን ዕለት ተመልሼ ስሄድ መንገዱ ጠፋብኝ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያመው ግን አንድ ነገር ነበር። የተኽላይ እናት አደይ ብርኽቲ ቤታቸው ከእሱ ቤት ሦስተኛው በር ነው። ኪሮስ እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያደገው እዚያ ቤት ውስጥ፣ ከተኽላይ ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ነው። በነፃ ከተሰናበተ ወዲህ ግን በዚያ በር ባለፈ ቁጥር እጅ ይነሳል፤ አደይ ብርኽቲ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ጠዋትም፣ ማታም። «ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ» አለኝ አንድ ቀን። «አደይ ብርኽቲ አንድ ቀን ግባ ይበሉኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

የሰፈሩ ሽማግሌዎች መፍትሔው ቀላል ነው ይሉ ነበር። ነፍስ በእጁ የጠፋበት ሰው እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ፣ የሟች ቤተሰብ እግር ላይ ይወድቃል። ቤተሰቡ ይቅር ሲለው ድንጋዩን ያወርዳል፤ በሩም ይከፈታል። «ወረቀትህን ተውና ና፣ ድንጋይህን ተሸከም» አሉት። ኪሮስ አሻፈረኝ አለ።

«ድንጋይ የሚሸከመው ያጠፋ ሰው ነው» አለኝ። «ካልተሸከምኩ አልገባም። ከተሸከምኩ ገድያለሁ ማለት ነው። አንተ ሕግ ታውቃለህ፣ በየት ልውጣ?»

«ሕጉ ከአንተ ጋር ነው፤ እንዳትሸከም» አልኩት በኩራት። ኩራቱ ለእኔ ምንም አያስከፍለኝም ነበር፤ በየቀኑ ፊት የሚዞርበት እሱ ነው።

እንዲህ እያለ ስድስት ሰባት ዓመት ሄደ። ሥራ አንዳንዴ ያገኛል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አጥር ያቆማል፤ ማሽን ግን ዳግመኛ አልነካም። ከዚያ አንድ ቀን አደይ ብርኽቲ ከገበያ ሲመለሱ ደክሟቸው አስፋልት ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ሊሸከምላቸው እጁን ወደ ዘንቢሉ ዘረጋ። እሳቸውም ዘንቢሉን ሊሰጡት ከፍ ካደረጉ በኋላ ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ሰው ቆሞ ያያል። መልሰው ጉያቸው ውስጥ አስገቡት።

«ሰው ባያየን ኖሮ ይሰጡኝ ነበር» አለኝ በማግስቱ። ፉሉን አልነካውም። «አርጅተዋል፣ ሰይድ። ውሃ የሚቀዳላቸው እንኳ የለም።» በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ጠራ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እኔ አደይ ብርኽቲ ቤት በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ኪሮስ ያንን ሰፊ ትከሻውን አጎንብሶ፣ ጥቁር ድንጋይ ጫንቃው ላይ ይዞ፣ ከበሩ እስከ መደቡ በጉልበቱ ሄደ። ሽማግሌው «አጥፍቻለሁ በል» አሉት። ዳኛ ፊት ዓመት ከመንፈቅ ያላለውን ቃል አለው። አደይ ብርኽቲ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ዝም አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ ነገር ሊናገሩ ጀምረው የተሰበሰበውን ሰው አዩ። በሦስተኛው «ይቅር» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም አሉ። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያላቀቋቸው። ሁሉም ሰው አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ስንወጣ አንድ ጎረቤት እንባውን እየጠረገ «በመጨረሻ አመነ» አለ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያች «አመነ» የምትል ቃል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ዋለች። ሳላምነው ቀርቼ አይደለም ብዬ ራሴን ልደልል ሞክሬ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ተጠራጠርኩት። በማግስቱ ፉል ቤት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ለዓመታት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

«ኪሮስ፣ ያን ዕለት መኪናው ላይ ኪሱን ምን ታደርገው ነበር?»

ቂጣውን ሳሕኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ዐይኑን ግን ከእኔ አላነሳም።

«ዳኞቹ ይህን የማስረዳት ግዴታ የለበትም ብለዋል። ዐማርኛ ያደረግከው አንተ ነህ።»

«እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ጓደኛህ ነኝ» አልኩት።

«እንዲያማ ከሆነ ጭራሽ መጠየቅ አልነበረብህም» አለኝ።

ተነስቶ ወጣ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ከዚያ ቀን ወዲያ ፉል ቤት አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ከሩቅ እጁን ያነሳልኛል፤ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ያልፋል። አርብ ይቅርታ ልጠይቀው እሄዳለሁ እላለሁ፤ አርቡ ያልፋል። የምሄድበት ፊት አጣሁ። ምክንያቱም ይቅርታ ብጠይቀውም ያንን ነገር ማወቅ እፈልግ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ጠዋት ብቻዬን እበላለሁ፤ ያንን ሳሕን ለብቻዬ ጨርሼው አላውቅም።

እና የሞቱን ወሬ የሰማሁት እንደዚህ ሆኜ ነው። የባለጉዳዩን ማመልከቻ ጨርሼ ሰጥቼ ጥላዬን ዘግቼ ሄድኩ። ተቀብሮ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ድንኳኑ በእሱ በር ላይ የተተከለ መስሎኝ ሳይ ባዶ ነው፤ የተተከለው አደይ ብርኽቲ ግቢ ነው። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ ከዕርቁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይቀዳላቸዋል፣ ቅዳሜ ገበያ ይሄድላቸዋል፣ ምሳውን እዚያው ይበላል። ታሞ የተኛውም እሳቸው ቤት ነው። «አስከሬኑም ከቤቴ ነው የሚወጣው» ብለው አስወጥተውታል።

ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን። አግዳሚው ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ የዕድሩ ሰዎች፣ አንዳንድ ሴቶች፤ ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ውሃ ፈረቃ ነው። አደይ ብርኽቲ ዱላቸውን ተደግፈው ከቤት ወጡ። ቦታ ሊለቁላቸው የተነሱትን በእጃቸው መለሷቸውና ድንኳኑ መሐል ቆሙ።

«ስሙኝ» አሉ በትግርኛ። «የተኽላይን ኪስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ምን እንዳሉ የገባው ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት «አደይ፣ ደክመዋል፣ ይቀመጡ» አለቻቸው።

«አልቀመጥም። ያ ሸክላ ፊውዝ ሱሪ አላስቀረለትም። ኪሱን ስጠግን ይቀድደዋል፣ ስጠግን ይቀድደዋል። ሰለቸኝ። የሁለቱንም ኪሶቹን አፍ ገጥሜ ሰፋሁት። ይኼን ጉድህን ሌላ ቦታ አስቀምጠው አልኩት። በማግስቱ ያንን ሱሪ ለብሶ ሥራ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ማስቀመጫ አጥቶ ነው ሳይነቅለው የገባው።»

እጃቸውን ይዘው ሊያስቀምጧቸው ሞከሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኀዘኑ ነው፣ ሁለተኛ ልጅ ነው የቀበሩት» አሉ በቀስታ። አደይ ብርኽቲ እጃቸውን አስለቀቁ።

«ከሆስፒታል ልብሱን ሲሰጡኝ ኪሱ ክፍት ነው። የሰፋሁበት ክር አንድ በአንድ ተመዝዞ ወጥቷል። ማን እንደመዘዘው አላወቅሁም ነበር። ችሎት ተቀምጬ ሾፌሩ ስለ ኪሱ ሲመሰክር ነው የገባኝ። ልነግራቸው ተነሳሁ። ኪሮስ ከተከሳሾች መቆሚያ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ተዪ አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱ ወህኒ ተመለሰ፣ እኔ ቤቴ ገባሁ። ከወጣ በኋላ ፊቴን ያዞርኩበት ጠልቼው መሰላችሁ? በምን ዐይኔ ልየው? አብሮኝ ሲበላም አንድ ቀን አላነሳውም።»

«እሺ አደይ፣ እሺ» ይላሉ ሴቶቹ፤ ሕፃን እንደሚያባብሉ ነው። ማንም አላመናቸውም። ዙሪያዬን አየሁና ውሳኔው ስለዚያ ኪስ የሚለውን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው አለመኖሩን ተረዳሁ። ኪሮስ ያንን ስፌት ለፖሊስ ቢያሳይ ኖሮ፣ በተሰፋ ኪስ ፊውዝ አይገባምና፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ደግሞ ፉል ላይ ተቀምጬ ምን ታደርግ ነበር አልኩት።

ተነሳሁ። ትግርኛዬ ከዐማርኛ ጋር ተደባለቀብኝ።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ውሳኔውን ቃል በቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ኪሱን ለምን እንደነካ አላስረዳም የሚል ተጽፎበታል። እኔም ጠይቄው አልነገረኝም። የሸሸገው ይህንን ነው። ኪሮስ አልተፈታም። ኪሮስ በነፃ ነው የተሰናበተው።»

አሁን አደይ ብርኽቲን የሚያዩዋቸው በሌላ ዐይን ነው። በስተመጨረሻ ያ በዕርቁ ቀን እንባውን ሲጠርግ የነበረው ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ፣ እኔን ይሁን ራሱን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ፣ «ታድያ ድንጋዩን ለምን ተሸከመው?» አለ።

አደይ ብርኽቲ ናቸው የመለሱት።

«እሱ ባይሸከመው እኔ ነበርኩ የምሸከመው።»